«ዘንድሮም ጣልያን አንተ ነህ አሉኝ»

ይድረስ ለእትዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዳማ ነው። 27 ዓመቴ ነው፤ የግንባታ ዕቃ መሸጫ ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። ማታ ማታና ቅዳሜ ደግሞ የሰፈራችን የኪነት ክበብ አባል ነኝ። ክበባችን በየዓመቱ የካቲት 23 የዓድዋን ጦርነት ሜዳ ላይ በትርኢት ያሳያል። ግማሹ ጎፈርና ለምድ ለብሶ፣ ጋሻና ጦር ይዞ ይፎክራል፤ ግማሹ ካኪ ለብሶ ይሸነፋል። እኔ ቀይ ነኝ፣ አፍንጫዬም ቀጥ ያለ ነው፤ በዚህ ምክንያት ከገባሁ ጀምሮ ጣልያን ነኝ። መጀመሪያ ተራ ወታደር ነበርኩ፣ ቀጥሎ መኮንን ሆንኩ፤ ዘንድሮ «አድገሃል» ብለው ጄኔራል አልበርቶኔን ሰጡኝ።

የምኖረው ፍራንኮ ስለሆነ ልጆቹ «የፍራንኮው ጣልያን» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ይሄን ስቄ አልፈዋለሁ። አምና ግን እጄን ሰጥቼ ከተማረክሁ በኋላ አንድ አዛውንት ከተመልካቹ መሃል ወጥተው ጀርባዬን በዱላ አቀመሱኝ። ሕዝቡ የትርኢቱ አካል መስሎት እልል አለ። በግንባሬ ተደፍቼ አቧራው ውስጥ ሳለሁ እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም፤ ለማንም አልተናገርሁም።

የማገባት ልጅ አለች። አባቷ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ለመላክ አስቤያለሁ። በቀደም መንገድ ላይ አግኝቻቸው ሰላም ስላቸው «እኔ ልጄን ለጣልያን አልድርም» አሉኝ። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ባልቻ አባ ነፍሶን ልሁን ብዬ ጠይቄ «መልክህ አይሄድም» ተብያለሁ። እናቴ በበኩሏ የጣልያኑን ልብስ ግቢያችን ውስጥ አላሰጣም ብላለች። ክበቡን ልተወው ወይስ ዝም ብዬ ልሸነፍ?

አክባሪዎ፣ የፍራንኮው ጣልያን

*

ልጄ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ሁለት ቦታ ላይ ሳቅሁ፤ አንድ ቦታ ላይ ግን መነጽሬን አወለቅሁ። በቅድሚያ መልሴን ልስጥህና ወደ ዝርዝሩ እንገባለን። ክበቡን አትተው። ዘንድሮ አልበርቶኔን ተጫወተው፣ ግን እንደ ሰው ተጫወተው። ለከርሞ ካኪውን ሌላ ይልበሰው፤ ይህንንም ልምምድ ሳይጀመር አሁኑኑ ተነጋግረህ ጨርስ።

የዓድዋን ትርኢት በየአደባባዩ አይቻለሁ። ጎፈሩ ያምራል፣ ሽለላው ደም ያፈላል፣ ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው ነጠላቸውን ታጥቀው ሲወጡ ከዓይን አይጠፉም። ጣልያኑ ብቅ ሲል ግን ነገሩ ሁሉ ቀልድ ይሆናል። ይደናቀፋል፤ «ፕሮንቶ፣ ፕሮንቶ» ይላል፤ ፎካሪው ገና «ዘራፍ!» ሲል ሱሪውን ይዞ ይሮጣል። ሕዝቡ በሳቅ ይፈርሳል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከሳቁ በኋላ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጠላት እንዲህ የቀለለ ከነበረ አፄ ምኒልክ ምን ቸግሯቸው አገር ሙሉ አስከተቱ? በጥቅምት 1888 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ የተነሣው ሠራዊት ያን ሁሉ ወር ለምን በእግሩ ተጓዘ? ፊታውራሪ ገበየሁስ ለምን ሳይመለሱ ቀሩ? የጣልያኖቹ አዛዥ ጄኔራል ባራቲዬሪ ያሰለፈው ጦር ከ17,000 በላይ ነበር፤ 56 መድፍ ነበረው። ከእኛ ወገን የወደቀውም በሺዎች የሚቆጠር ነው። ጣልያኑን ያቀለለ ሰው፣ ሳያውቀው ገበየሁን ነው ያቀለለው።

እንግዲህ አንተ እጅ ላይ ያለው ሥራ ትንሽ አይደለም። ያ ድል ምን ያህል እንደከበደ ለአዳማ ልጆች የምታሳየው አንተ ነህ እንጂ ጎፈር የለበሰው ጓደኛህ አይደለም። እሱ የሚችለው መፎከር ነው። የሚፎከርበትን ነገር ማቆም ያንተ ድርሻ ነው።

የተሰጠህ ሰውዬ ደግሞ፣ ማን እንደመረጠልህ ባላውቅም፣ ከጣልያኖቹ ሁሉ ለተዋናይ የሚመች ነው። የካቲት 22 ሌሊት የባራቲዬሪ ዕቅድ ሦስት ብርጌዶች ጎን ለጎን ገፍተው ከፊት ያሉትን ኮረብቶች እንዲይዙ ነበር፤ በመሃል አሪሞንዲ፣ በቀኝ ዳቦርሚዳ፣ በግራ አልበርቶኔ። አራተኛው፣ የኤሌና ብርጌድ፣ ከኋላ ሆኖ ይጠባበቃል። የተሰጣቸው ካርታ ግን ኪዳነ ምሕረት የሚባለውን ኮረብታ ያስቀመጠው ያለ ቦታው ነው። አልበርቶኔ ካርታው ያሳየው ቦታ በጨለማ ደርሶ ነበር። መንገድ መሪዎቹ ኪዳነ ምሕረት የሚባለው ገና ከፊት ነው አሉት። ስሙን ተከትሎ ገፋ። ሲነጋ ከጓዶቹ ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ ብቻውን፣ ከምኒልክ ሠራዊት ፊት ለፊት ቆሞ ተገኘ። ሊረዳው የተላከው ዳቦርሚዳ መንገድ ስቶ ወደ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ገባና እዚያው ሞተ። አሪሞንዲም ሞተ። አልበርቶኔ ለሰዓታት ተዋግቶ ተማረከ።

ምን ያህል የሚጫወቱት ነገር እንዳለ አየህ? ካርታ ያዝ። ትልቅ፣ ከሩቅ የሚታይ ይሁን፤ የድሮ ማስታወቂያ ጀርባ ላይ በከሰል ብትሥለውም ይበቃል። ስትገባ አትንገዳገድ። እንደሚያሸንፍ ሰው ግባ፤ ያን ዕለት ጠዋት ልሸነፍ ብሎ የወጣ ጣልያን አልነበረም። ካርታውን እይ፣ ኮረብታውን እይ፣ እንደገና ካርታውን። ከዚያ ወደ ቀኝህ ዙርና ዳቦርሚዳን ፈልገው። ማንም የለም። ቶሎ አትመለስ፤ ቆይተህ እንደገና ፈልገው። ፎካሪዎቹ መግባት ያለባቸው ያን ጊዜ ነው። በመጀመሪያ የሚስቅ አይጠፋም፣ ለምደውታልና። አንተ ካልሳቅህ ግን ሁለተኛ አይስቁም።

ስትማረክም ሁለት እጅህን እንደ ፊልም ብድግ አድርገህ በጉልበትህ ዱብ አትበል። ቆመህ ተማረክ። ሰውዬው ታሪኩ እዚያ ሜዳ ላይ አያልቅም፤ ምርኮኞቹ የአዲስ አበባ ውል ጥቅምት 17 ቀን 1889 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። የክበባችሁ ሴቶች እልል ከማለት ሌላ ሥራ ይኑራቸው አይኑራቸው አልጻፍህልኝም፤ የለመድሁት ነገር ስለሆነ ግን እገምታለሁ። እቴጌ ጣይቱ ያሰለፏቸው ሴቶች በውጊያው መሃል ለተዋጊውና ለቁስለኛው ውሃ ያደርሱ ነበር። ከዚያ በፊት መቀሌ ላይ የጣልያኑን ምሽግ ከውሃው ምንጭ የማስቆረጡ ዘዴም የእሳቸው ነው። ታዲያ አንዷ ልጅ ቅል ይዛ ከወደቀው ወደ ወደቀው ትዙር፤ መጨረሻ ላይ አንተ ጋ ትድረስ። ትስጥህ ወይስ ትለፍህ፣ በልምምድ ተከራከሩበት። እኔ ብሆን ፊትህ ትንሽ አቆማት ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቀይ ታርቡሽ አድርገው ከኋላህ የሚሰለፉትን ልጆች በደብዳቤህ ውስጥ አንድ ጊዜም አላነሣሃቸውም። የአልበርቶኔ ብርጌድ አብዛኛው አስካሪ፣ ማለትም ለጣልያን የተቀጠረ ወታደር ነበር፣ የዚሁ ምድር ልጅ። አንተን ጣልያን ሲሉህ እነሱን ባንዳ ይሏቸዋል። ጣልያን ተብሎ ሚስት ያጣ ሰው አላየሁም፤ ባንዳ የሚለው ስም ግን ሰፈር ውስጥ ከወጣ ለልጅ ልጅ ይተርፋል። ከተማረኩት አስካሪዎች ብዙዎቹ ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው መቆረጡ በታሪክ የተጻፈ ነው። ይህን በበዓል ቀን ሕፃናት ፊት አሳዩ አልልም። ታርቡሽ የሚያደርጉት ልጆች ግን ማንን እንደሚጫወቱ አውቀው ይግቡ፤ ድልድሉም በዕጣ ይሁን። በየክበቡ እንደማየው አርፍዶ የመጣውና አፍ የሌለው ልጅ ነው አስካሪ የሚሆነው።

ወደ እንባህ ልምጣ። ማልቀስህ አላስደነገጠኝም፤ ለማንም አለመናገርህ ግን አሳስቦኛል። አስበው እስቲ። የካቲት የአዳማ ፀሐይ አናት ይበሳል። ከሰልባጅ የተገዛ ወፍራም ካኪ ለብሰሃል፣ እግርህ ላይ ፋሻ ተጠምጥሟል፣ ራስህ ላይ ከካርቶንና ከኮላ የተሠራ ባርኔጣ ደፍተሃል። ያደግህበት ሰፈር ሰው፣ ዳቦ የምትገዛባት ሴትዮ ሳትቀር፣ መውደቅህን አይቶ በአንድ ድምፅ እልል ይላል። ጨዋታ መሆኑን ታውቃለህ፤ ግን ወደቅህ ተብሎ ደስ ሲላቸው በጆሮህ ሰምተሃል። በዚያ ላይ የመታህ ዱላ የእውነት ነበር። ዱላው ሲያርፍብህ ጨዋታው ለአንተ አብቅቷል፤ ያንን ያወቀ ሰው ግን በዚያ ሜዳ ላይ ከአንተ በቀር አልነበረም። እኔ ብሆን በዚያ ቦታ አለቅስ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰው ስለማያስበው እንጂ። ትርኢቱ እንዳለቀ የወደቁት ሁሉ ተመልካቹ ሳይበተን ይነሡ። «የገደለ» ጓደኛ ራሱ እጁን ዘርግቶ «የገደለውን» ያንሣ፤ ከዚያ ጎፈሩም ካኪውም ትከሻ ለትከሻ ተያይዞ ለሕዝቡ እጅ ይንሣ። ሕፃናቱም ጣልያኑ የእነ እንትና ወንድም መሆኑን እዚያው ያያሉ። ወዲያው ፊትህን ታጠብ፣ ልብስህን ቀይር፣ ውሃ ጠጣ። ካኪህን እንደለበስህ ባጃጅ ተሳፍረህ ወደ ቤት አትሂድ፤ ያ ሁሉ ‹ጣልያን መጣ› ግማሹ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል። ለዚያች ልጅም ንገራት። ጣልያን ስለመባልህ ሳይሆን ስለ አቧራው። አባቷ ሲናገሩ ያልሳቀችው የሆነ ነገር ጠርጥራ ይሆናል።

ስለመቱህ አዛውንት ግን ክፉ አልናገርም። ምን አይተው፣ ማንን አጥተው እንደሆነ ማን ያውቃል። ጥፋቱ ገመድ ያልዘረጋው ነው። ዘንድሮ ሜዳውና ተመልካቹ መሃል ገመድ ካልተወጠረ፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው ሦስት አራት አስተናባሪዎች ገመዱ ላይ ካልቆሙ፣ አልገባም በል። ይህንን ፈሪ ሳትባል ማለት ትችላለህ፤ አምና ጀርባህ ላይ የሆነውን ያየ አለና።

መሣሪያውንም አስቡበት። «የአያቴ ጎራዴ» እየተባለ ከግድግዳ ላይ የሚወርድ ስለት ከሰገባው አይውጣ፤ ለፍልሚያው የእንጨት ይበቃል። ርችትማ ጭራሽ አይታሰብ። ከጋሪ ተፈትቶ የመጣ ፈረስ ርችት ሰምቶ አያውቅም፤ ሲደነብር የሚረግጠው መሬት ላይ የተኛውን ነው፤ መሬት ላይ የሚተኛው ደግሞ አንተ ነህ። የመድፉን ድምፅ በስፒከር አሰሙ። ፈረንጆቹ በእነዚህ ትርኢቶቻቸው ላይ አሮጌ ጠመንጃ ይተኩሳሉ፤ ግን እርሳስ የሌለበት ባሩድ ብቻ ነው፣ አፈሙዙንም ከሰው ራስ በላይ አድርገው ነው። ለእኛ ባሩዱም ይቅርብን። አንድ ምልክት ደግሞ ተስማሙ። ሜዳው ውስጥ ማንም በቤት ስሙ አይጠራ፤ አንድ ሰው በቤት ስሙ ከተጠራ ግን የእውነት ተጎድቷል ማለት ነውና ሁሉም ባለበት ይቁም። አምና ይህ ቢኖር ኖሮ ከአጠገብህ የወደቀው ልጅ ስምህን ጮኾ ይጠራ ነበር፣ እልልታውም ባልቀጠለ።

አሁን ባልቻን ስለመጠየቅህ። «መልክህ አይሄድም» ያሉህ ሰዎች ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም። ከምኒልክ ጋር የዘመተው ሰው ቀይም ጠይምም ጥቁርም ነበር፤ የዚህ አገር መልክ ዛሬ የተደባለቀ ይመስል! ቀዩን ልጅ በየዓመቱ ጣልያን ማድረግ አዘጋጁን ከሐሳብ ያሳርፈዋል፣ ሌላ ጥቅም የለውም። ጥቁር ልጅ ካኪ ለብሶ ካርታ ቢይዝ ማን እንደሆነ የማያውቅ ተመልካች አይገኝም።

ስትከራከርም ዓድዋ ሩቅ ነው ብለህ ፈረንጅ አገር ድረስ አትሂድ፤ ጉግስን ጥራላቸው። አሳዳጁ ዘንግ ይዞ ይጋልባል፣ ተሳዳጁ በጋሻ ይመክታል፤ ከዚያ ይዞራሉ፣ አሳዳጅ የነበረው በተራው ይሸሻል። ሁልጊዜ ሽሽ የተባለ ፈረሰኛ ሰምተህ ታውቃለህ? የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የዓድዋ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን እያሰበ የቆየ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ግልቢያው ሲደምቅ ያየ ሰው ጦርነትን በጨዋታ ማስታወስ ከውጭ የመጣ ፋሽን አለመሆኑን ያውቃል።

ፈረንጁን ከጠቀስህ ደግሞ ይህን ጥቀስ። አሜሪካኖች የእርስ በርስ ጦርነታቸውን ሜዳ ላይ ሲደግሙ ብዙዎቹ ሰማያዊውንም ግራጫውንም ልብስ ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ወገን ሰው ካነሰው ልብስ ቀይረው ይሻገራሉ። እንግሊዝ አገር በ1984 እ.ኤ.አ. ሥራ ያቆሙ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎችና ፖሊሶች ኦርግሪቭ ላይ ተጋጭተው ነበር። በ2001 ግጭቱ እዚያው በትርኢት ሲደገም ከቀድሞዎቹ ቆፋሪዎች አንዳንዶቹ የፖሊስ ልብስ ለብሰው በሌላው ወገን ቆመዋል። በገዛ ራሳቸው ላይ ዱላ ያነሣውን ሰው ተጫወቱት ማለት ነው። እነዚያ ከቻሉ፣ የእናንተ ባልቻ አንድ ዓመት ካኪ ቢለብስ ጎፈሩ አይረግፍበትም። ዋተርሎ ላይ በ2015 እ.ኤ.አ. የውጊያው ሁለት መቶኛ ዓመት ሲከበር ወደ 5,000 ሰው ተሰልፎ ነበር፤ ናፖሊዮን መሸነፉን የማያውቅ የለም፣ እሱን ለመጫወት ግን ሰዎች ይፎካከሩ ነበር። የአዳማው አልበርቶኔም እንደዚያ ቢሆን ምን አለበት?

ባልቻን ለከርሞ ስትጠይቅ እንዲህ በላቸው። ባልቻ ዓድዋ ላይ መድፍ ሲያስተኩሱ ጎልማሳ ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ ጣልያን ተመልሶ ሲመጣ ሽምግልና ሳያስቀራቸው እንደገና ገጥመውት በ1929 ዓ.ም. ሲዋጉ ሞቱ። ሁለት ጊዜ ፊት ለፊት ያዩትን ጠላት ማን እንደሆነ የሚያውቅ ተዋናይ ከእናንተ መሃል አንተ ብቻ ነህ፤ ውስጡ ኖረህበታልና። ይህን ሰምተው እምቢ ካሉ ክበቡን አትተው፤ ዕጣው እንዲወጣ በስብሰባ ላይ ጠይቅና እጅ አስወጣ። ዕጣው መልሶ ጣልያን ካደረገህ ግን ያን ጊዜ ለእኔ አትጻፍልኝ።

የቀሩት የልጅቷ አባት ናቸው። «ለጣልያን አልድርም» ያሉት ቀልድ ነው፤ ግን ወታደር የነበረ ሰው ስለ ጦርነት ሲቀልድ ከሥሩ ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። ጦር ሜዳ የዋለ ሰው፣ ልጆች በፉከራ መሃል እየተሳሳቁ ሲወድቁ ሲያይ ምን እንደሚሰማው አንተም እኔም በግምት ነው የምናወራው። አንዳንዱ ይኮራል፤ አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። በ1913 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ጌቲስበርግ ላይ፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው ጊዜ እዚያ የተደረገው ውጊያ ሃምሳኛ ዓመት ሲታሰብ ከ50,000 በላይ አሮጌ ወታደሮች ከሁለቱም ወገን ተሰብስበው ነበር። ደቡቦቹ በወጣትነታቸው በጥይት ዝናብ የሮጡበትን ሜዳ በሽምግልና እግር አዘገሙት፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ የሰሜኖቹ አዛውንቶች ቆመው ይጠብቋቸው ነበር፤ በድንጋዩ ካብ ላይ ተጨባበጡ። ጦርነቱን የዋሉበት ሰዎች ራሳቸው ናቸው እንግዲህ እንደዚያ የደገሙት። ከዚህ የተነሣ እኚህ አባት ተመልካች ብቻ ሆነው ባይቀሩ እወዳለሁ።

ስለዚህ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሂድ። ስለ ጋብቻው አንድ ቃል አታንሣ፤ ያ የሽማግሌዎች ነው። የራስህን ልብስ ለብሰህ፣ ከልጅቷ ጋር ተመካክረህ፣ እሳቸው ቡና ላይ ባሉበት ሰዓት ድረስ። «አባባ፣ ክበባችን ሰልፍ አያውቅም፤ ጣልያኖቹም እኛም ቆመን እንደ ገበያ ነው የምንዟዟረው። ወታደር ሲቆም፣ ሲዞር፣ ትእዛዝ ሲቀበል እንዴት ነው? አንድ ቅዳሜ መጥተው ቢያሳዩን» በላቸው። ይህ ውለታ ፍለጋ አይደለም፤ በእርግጥም ሰልፋችሁ የተበላሸ መሆኑን ሳላየው እምላለሁ። እሺ ካሉ ካኪ የለበሱትንም ጎፈር የለበሱትንም አንድ ላይ ያሰልፏቸው። እምቢ ካሉ፣ ወይም ዝም ካሉ፣ ቡናህን ጠጥተህ ሌላ ወሬ አንሣ። ሁለተኛ አትጠይቃቸው፤ ለትርኢቱም «ይምጡልን» ብለህ አታስጨንቃቸው። የት ግንባር ነበሩ፣ ማንን ገደሉ የሚል ጥያቄ ደግሞ ከአፍህ አይውጣ። እሳቸው ከጀመሩት ስማ፣ አታቋርጥ፣ ወዲያውም ‹ትርኢታችን ላይ እናስገባዋለን› እንዳትል።

እናትህን ልክ ናቸው ብያለሁ። ግቢውም የልብስ ገመዱም የእሳቸው ነው፤ ካኪው ክበቡ ቢሮ ይታጠብ፣ እዚያው ይሰጣ። ባርኔጣውን ግን ውሃ አታስነካው፣ ኮላው ይለቃል።

ሽማግሌ ስትልክ ከዚያ ክበብ አንድም ሰው እንዳይኖርበት። በተለይ ምኒልክ የሚሆነው ሰውዬ። እንደጻፍህልኝ ዓይነት አባት በር ላይ ምኒልክን ሲያዩ መሳቃቸው አይቀርም፤ ሽማግሌ ተቀምጦ ጨዋታው እዚያ ላይ ከዞረ ደግሞ እስከ ሰኔ አይመለስም። የአባትህን ወንድም ላክ፤ ከሰፈራችሁ አንድ የተከበሩ ሰው፣ አንድም ከደጀ ሰላም ጨምር። ልጁ ምን ይሠራል ተብለው ሲጠየቁ የሒሳብ ሠራተኛ ነው ይበሉ። አልበርቶኔን ካነሡት እሳቸው ያንሡት።